የነፍስ አባት የያዙት ፓስወርድ

ልጄ ከወገዳ ማዶ ባለ የገጠር ትምህርት ቤት መምህር ናት። ባለፈው ጥር እኔ ቤት መጥታ፣ ላፕቶፕ ፊት ተቀምጣ የምትፈተነው አንድ ፈተና ነበራት፤ የሁለተኛ ዲግሪ መግቢያ። ሐሙስ ጠዋት ሦስት ሰዓት ይከፈታል፣ አምስት ሰዓት ይዘጋል። ከዚያ ወዲያ ኔትወርክ እምቢ አለኝ፣ መብራት ጠፋብኝ ቢሉ የሚሰማ የለም። ዓምና እሷ ባለችበት ቀበሌ መስመር ጠፍቶ ሳትፈተን ቀርታለች። ዘንድሮም ካመለጣት መሥሪያ ቤቷ የሰጣት የመማር ዕድል ለሌላ ሰው ያልፋል። "እማ፣ ይሄ ከቀረብኝ እዚያው ጠመኔ እየዋጥኩ ማርጀቴ ነው" ብላኛለች በስልክ።

እንግዲህ ያን ሰሞን የሠራሁትን ሁሉ የሠራሁት ለእሷ ብዬ ነው። ማንን ደጅ እንዳስቀረሁ ስነግራችሁ መሳቅ ትችላላችሁ። እኔ ለመሳቅ ወራት ወስዶብኛል።

የምተዳደረው መካነ ኢየሱስ ከተማ ውስጥ ማመልከቻ በመተየብና ፎቶ ኮፒ በማንሳት ነው። ትምህርቴ ስምንተኛ ክፍል ላይ የቆመ ነው፤ ኮምፒውተር ቁጭ አድርጎ ያስተማረኝ ሰው የለም። እየነካካሁ፣ እያበላሸሁ፣ ያበላሸሁትን ለማቃናት ቪዲዮ እያየሁ ነው እዚህ የደረስኩት። የኢንተርኔት መስመሩንም ያስገባሁት ለዚሁ ሥራ ነበር። ባለሙያው መጥቶ ገመዱን ከምሰሶ ጎትቶ፣ ራውተሩን ግድግዳ ላይ ሰቅሎ፣ "ፓስወርዱ ምን ይሁን?" አለኝ። እንዳልረሳው ብዬ "ከአንድ እስከ ስምንት በተርታ አድርገው" አልኩት። ሰውየው ቀና ብሎ አየኝና ምንም ሳይል ጻፈው። ያን ጊዜ ምነው በተናገረ እላለሁ አሁን።

በአካባቢያችን የሞባይል ዳታ ሲጠፋ ጊዜ የእኔ ቤት ዋይፋይ የሰፈሩ ምንጭ ሆነ። መጀመሪያ የመጡት የምናውቃቸው ናቸው፤ "እስቲ አንዴ መልእክት ልይ" ብለው ደጃፍ ላይ ይቆማሉ። ኋላ የሚያውቋቸውን አመጡ። ከዚያ የማላውቀው ሰው በአጥሩ ሥር ድንጋይ አምጥቶ ተቀመጠ። ሌላውም አየና ድንጋይ አመጣ። ከሳምንት በኋላ አጥሬ ዙሪያውን መቀመጫ ተደርድሮበት፣ ሰው አንገቱን ደፍቶ ስልኩን ሲያይ ስትመለከቱ ለቅሶ ቤት ነበር የሚመስለው። አንድ ቀን ውኃ ልደፋ ብወጣ አንዱ፣ ዓይቼው የማላውቅ ጎልማሳ፣ ቀና ብሎ "እትዬ፣ ዛሬ ደከም ብሏል፤ ራውተሩን አጥፍተው ያብሩት እስቲ" አለኝ። ገብቼ አጥፍቼ አበራሁት። እንዲህ ያለች ሴት ነበርኩ።

ደሜን ያፈላው የካሜራው ነገር ነው። ጓሮ የነበረ ሙክታችን ከተሰረቀ ወዲህ በሩ ላይ ካሜራ ሰቅያለሁ፤ ያው በዋይፋይ የሚሠራ፣ በስልክ የሚታይ። አንድ ቀን ያ ጎልማሳ "እትዬ፣ ካሜራው ወደ ግራ ዘሟል። በሩን ትቶ የጎረቤቱን ግድግዳ ነው የሚያሳይ" አለኝ።

"አንተ እንዴት አወቅህ?"

"ያው ስከፍተው ይታየኛል።"

"የእኔን ካሜራ?"

"ቁልፉ ከፋብሪካ እንደወጣ ነው እኮ። እኔም እንደሱ ያለ ሱቅ ላይ አለኝ። ምነው፣ ጥፋት ነው እንዴ? ሲዘም ልንገርዎት ብዬ ነው።"

ሰውየው ቅንነቱ ነው የሚያናድደው። ቤቴን ከበር እስከ ጓሮ ሲያይ ከርሞ፣ ምስጋና የሚጠብቅ ፊት ነበር ያለው።

ያን ዕለት ሥራዬን ዘግቼ ራውተሩ ውስጥ ገባሁ። ምን ያህል ዕቃ እንደተያያዘ ሳይ ሃያ ሦስት። እኔ ያለኝ አንድ ስልክ፣ አንድ የቤት ኮምፒውተር፣ አንድ ፕሪንተርና ያ መዘዘኛ ካሜራ ነው። አሥራ ዘጠኙ የእንግዳ ነው ማለት ነው፤ ልጄ ደግሞ ሁለት ሰዓት ሙሉ ሳይቆራረጥ ካሜራ ተከፍቶባት ልትፈተን ነው። ፈተናው ሊደርስ ሦስት ሳምንት ገደማ ቀርቶታል። ሦስት ቀን ከሰዓት ከሰዓት እየተቀመጥኩ፣ አንዱን ቪዲዮ አሥር ጊዜ እየመለስኩ፣ ቤቴን መዝጋት ተማርኩ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ቁልፉ ሁለት ነው። አንዱ ዋይፋዩን የሚያስገባ ነው፤ ሰው የሚያውቀው እሱን ነው። ሁለተኛው ራውተሩን ራሱን ለማዘዝ የሚያስገባ ነው፤ ማን ይግባ፣ ማን ይውጣ የሚወሰነው በዚህ ነው። ሁለቱንም ቀየርኩ። ቪዲዮው ላይ ያለው ሰው ረጅም ይሁን፣ ትርጉም አይኑረው፣ የልጅ ስም የልደት ቀን እንዳታደርጉ ስላለ፣ ለሁለተኛው ፊደልና ቁጥር የተቀላቀለበት አሥራ ስምንት ምልክት አወጣሁ፤ እኔም ራሴ ደግሜ ልለው የማልችል። ኮምፒውተሩ ላይም አታስቀምጡት አለ፤ አላስቀመጥኩም። የካሜራውንም ቁልፍ ቀየርኩ። በዚህ አልበቃኝም፤ መዝገብ የሚሉት ነገር አለ፣ ቁጥሩ እዚያ ላይ ያልተጻፈ ዕቃ ፓስወርዱን ቢያውቅ እንኳ አይገባም። የአራቱን የእኔን ዕቃዎች ቁጥር ጻፍኩና ዘጋሁት።

በማግስቱ ጠዋት አጥር ሥር የነበረው ሰው ስልኩን ወደ ሰማይ እያነሳ ሲዞር በመስኮት አየሁ። ከዚያ አንድ በአንድ ተነሱ። አንዱ ድንጋዩን ተሸክሞ ሄደ። እውነቴን ነው።

አሥራ ስምንቱን ምልክት የጻፍኩበትን ወረቀት አጥፌ ለእናቴ ሰጠኋት። ቤታችን ውስጥ የሚቆለፍ ነገር የእናቴ ሳጥን ብቻ ነው፤ ቁልፉ ከማተቧ ጋር አንገቷ ላይ ነው የሚውለው። ማንበብ አትችልም፤ ይህም ለእኔ ተጨማሪ መተማመኛ ነበር። "ይሄ የቤታችን ቁልፍ ነው" አልኳት። "ለማንም እንዳትሰጪ፣ አለኝም እንዳትዪ።"

"ለማንም?"

"ለማንም።"

ሳጥኗ ውስጥ ከተተችው። እኔም ቤቴን ያስከበርኩ መስሎኝ ደረቴን ነፋሁ።

ከዚያ በኋላ ባለው ሳምንት እናቴ ስግደት አበዛች። ጠዋት ተነስታ ወደ ምሥራቅ ዞራ ትሰግዳለች፤ ስትነሳ ጉልበቷ ሲንቋቋ ከጓዳ ይሰማኛል። ዕድሜዋ ሰባ አልፏል፣ ጉልበቷ ከታመመ ዓመታት ሆኖታል። "ምን ሆነሽ ነው? ጾም አልገባ" እላታለሁ።

"ምንም።"

"ጉልበትሽን ልትጨርሺው ነው?"

"ምንም አልኩሽ እኮ።"

ተቆጣኋት፣ የምትሰግድበትን ቁርበት ሰብስቤ ደበቅኩባት፤ ባዶ መሬት ላይ ሰገደች። ሰው ሞቶ ደብቀውኝ ይሆን ብዬ እስክጠረጥር ደረስኩ።

ልጄ ረቡዕ አምስት ሰዓት ላይ አቧራ ለብሳ ደረሰች። የትምህርት ቤቱን ላፕቶፕ በነጠላ ጠቅልላ እንደ ሕፃን አቅፋ ነው የመጣችው። እግሯን ሳትታጠብ ከፈተችውና "እስቲ ፓስወርዱን ስጪኝ፣ ልሞክረው" አለች። የዋይፋዩን ቁልፍ አቀበልኳት፤ እሱን በቃሌ ይዤዋለሁ። አልገባም። ደገመች፤ አልገባም። ያን ጊዜ ነው ትዝ ያለኝ። የእሷ ላፕቶፕ መዝገቡ ላይ የለም። አሥራ ዘጠኙን አባርሬ፣ የነገሩ ሁሉ ምክንያት የሆነችውን ልጄን ነው ደጅ ያስቀረሁ።

"ችግር የለም፤ ወረቀቱን አወጣለሁ፣ እጽፍሻለሁ" አልኩና እናቴን ጠራሁ። "እማ፣ ያንን ወረቀት አምጪው።"

እናቴ ምስር ትለቅም ነበር። ቀና አላለችም። "የለም።"

"እንዴት የለም?"

"ሰጠሁት።"

"ለማን?"

"ለነፍስ አባቴ።"

ልጄ ሳቀች። እኔ አልሳቅኩም። "እሳቸው ራውተር አላቸው እንዴ? ምን ሊያደርጉት?"

"ምንም አያደርጉትም። ለዚያ ነው የሰጠኋቸው።"

ነገሩን ከአፏ እንደ ጥርስ ነው አንድ በአንድ የነቀልኩት። ጎረቤታችን፣ ጨርቅ የምትነግደው የእናቴ ወዳጅ፣ ስልኳ ከዋይፋዩ በወጣ በማግስቱ ወደ እናቴ ትመጣለች። እነዚህ ሁለት ሴቶች በአንድ አጥር አርባ ዓመት የኖሩ ናቸው፤ አንዷ ለፋሲካ፣ አንዷ ለኢድ ስትሰናዳ ልጆቻቸውን የሚለዋወጡ። የጎረቤታችን ልጅ ዓረብ አገር ናት፤ እዚያ ወልዳለች። አያትየው የሕፃኑን ፊት ያየችው በእኔ ቤት ዋይፋይ ነው፤ ጥርስ ሲያበቅል፣ ሲቀመጥ፣ ሁሉን። መጥታ "የዚያ ነገር ቁልፍ አንቺ ጋ ይኖር ይሆን?" ብላ ትጠይቃለች። እናቴም እኔ ያዘዝኳትን ታደርጋለች፤ "እኔ ምኑን አውቄው" ትላለች።

"ዋሸሁ" አለች እናቴ። "በሽምግልናዬ፣ ለእሷ፣ ዓይኗን እያየሁ። ሄጄ ለነፍስ አባቴ ተናገርኩ። ቀኖና ሰጡኝ። ወረቀቱንም እሳቸው ዘንድ አስቀመጥኩ። ከዚያ ወዲያ የለኝም ብላት እውነት ነው።"

ለካ ስግደቱ የእኔ ራውተር ያመጣው ነው።

ምን ልበላችሁ፣ ሁለት ሰው ሆንኩ። አንዷ አዘነችላት፤ ሌላዋ መጮህ ፈለገች። የጎረቤታችንን ስልክ ሳወጣ አላሰብኩበትም ብል እኔም መዋሸቴ ነው። አስቤበታለሁ። አንዷን ካስገባሁ ሁሉም ይመጣብኛል ብዬ ነው የዘጋሁት።

መላ ፈለግን። የእኔ የቤት ኮምፒውተር መዝገቡ ላይ አለ፣ ግን ካሜራ የለውም፤ ፈተናው ፊቷን ማየት አለበት። ላፕቶፑን በገመድ ልናያይዘው አልን፤ የገመድ ቀዳዳ የለውም። ስልኬን አያይዤ ላሳልፍላት ሞከርኩ፤ ላፕቶፑ ስልኩን ቻርጅ ከማድረግ በቀር ሌላ ነገር አላወቀለትም። ራውተሩን በመርፌ ወግቶ እንደ አዲስ ማስነሳት አለ፤ አንድ ጊዜ አድርጌው ባለሙያ እስኪመጣልኝ ዘጠኝ ቀን ያለ መስመር ከርሜአለሁ። ያሉን ደግሞ ሃያ ሁለት ሰዓት ናቸው።

ስለዚህ ነጠላዬን አድርጌ ወደ ነፍስ አባቷ ሄድኩ። ቄሱ እንደማንኛውም ገበሬ ናቸው፤ ወቅቱ የመውቂያ ስለሆነ ከከተማው ወጣ ብሎ አውድማቸው ላይ ነበሩ። ከወንድማቸው ጋር ሆነው ገብሱን በላይዳ ወደ ነፋስ እየበተኑ ገለባውን ይለያሉ። ነፋሱ ጥሩ ሆኖላቸዋል፤ ገለባው እኔ ላይ ነው የሚያርፈው።

"ይፍቱኝ አባቴ።"

"እግዚአብሔር ይፍታሽ። ምነው፣ ሰው ታመመ?"

"አልታመመም። እናቴ እርስዎ ዘንድ አንድ ወረቀት..."

ላይዳውን በአንድ እጃቸው ይዘው ባዶውን እጃቸውን አነሱ። "እናትሽ ከእኔ ጋር የምትነጋገረው የእናትሽ ነው።"

"ወረቀቱ ግን የእኔ ነው። የጻፍኩት እኔ ነኝ። የኢንተርኔት ሳጥኑ መክፈቻ ነው።"

"ሳጥኑ የማን ነው?"

"የእኔ።"

"የራስሽን ሳጥን መክፈቻ ታዲያ እንዴት እኔን ትጠይቂኛለሽ?"

ከወዲያ ማዶ ወንድማቸው "ምን ጠፋባት?" አለ።

"አንተ ገብስህን በትን" አሉት።

ድምፄን ዝቅ አደረግኩ። "አባቴ፣ ኃጢአት አይደለም እኮ፤ ፓስወርድ ነው። ኃጢአቱ ውሸቱ ነው፤ እሱን እርስዎ ይያዙት። ወረቀቱን ይስጡኝ።"

"ወረቀት አለኝ አልልሽም፣ የለኝም አልልሽም። እናትሽ መጣች አልልሽም፣ አልመጣችም አልልሽም።"

"እሷ ነግራኛለች እኮ!"

"እሷ የራሷን ትናገር። እኔ አፌ አይፈታም። ዛሬ ወረቀት ነው ብዬ ያወጣሁ እንደሆነ ነገ ምን ብዬ ላወጣ ነው?"

የሚያናድደው ልክ መሆናቸው ነው። እኔ ሦስት ቀን ቪዲዮ አይቼ ያልሠራሁትን ጥበቃ ሰውየው ያለ ምንም ራውተር ሠርተውታል። ዓይኔ ውስጥ ገለባ ገባ፤ በነጠላዬ ስጠርግ የማለቅስ መሰላቸው መሰለኝ፣ ላይዳቸውን ተደግፈው ቆሙ።

"ፈተናው የልጅሽ ነው?"

"የልጄ ነው። ነገ ሦስት ሰዓት።"

"እኔ ጠዋት ኪዳን ላይ ቤተ ክርስቲያን ነኝ። ሰው የራሱን አደራ ሊወስድ ቢመጣ እሰጣለሁ። ሌላ ሰው ቢመጣ አልሰጥም።" ጥቂት አሰቡና "አንቺም ሌላ ሰው ነሽ" አሉኝ።

"ኧረ ነፋሱ ሊያልፍብን ነው" አለ ወንድማቸው። ተመለስኩ።

እናቴ አሁንም ምስሩ ላይ ናት። "ነገ ጠዋት ሂጂና ውሰጂው" አልኳት።

"አልወስድም።"

"ለምን?"

"ከወሰድኩት እኔ ዘንድ ነው። ተመልሳ ስትጠይቀኝ ምን ልላት ነው?"

"አለኝ፣ ግን አልሰጥሽም በያት።"

እናቴ ለመጀመሪያ ጊዜ ቀና ብላ አየችኝ፤ በጥፊ ምቻት ያልኳት ነው የሚመስለው። እዚህ አገር ለጎረቤት እንዲያ አይባልም። ጨው አልቆብኛል ይባላል፣ ወንፊቱ ሰው ወስዶታል ይባላል። አለኝ አልሰጥሽም ያለ ሰው አጥሩን አፍርሶ ወደ ሌላ ሰፈር ይሂድ።

ልጄ ላፕቶፑን እንዳቀፈች እናቴ እግር ሥር ቁጭ አለች። "እምዬ፣ እኔስ? እኔ ዓመት ልጠብቅ?"

እናቴ ምስሩን አንዲት አንዲት እያለች ለቀመች። ከዚያ ወደ እኔ ዞረች። "ያንን መዝገብ ያልሽውን ሰው መጨመር ይቻላል ወይ?"

"ይቻላል።"

"እሷን ትጽፊያታለሽ?"

"እማ፣ እሷን ከጻፍኩ..."

"ትጽፊያታለሽ ወይ ነው ያልኩሽ።"

"እጽፋታለሁ።"

"እንግዲያው አንሺኝ" አለች፤ እጇን ሰጠችኝ። ቤተ ክርስቲያን የምትሄድ መስሎኝ ነበር። ወደ ጎረቤታችን ቤት ነው የወሰደችኝ። ሴትዮዋ ደጃፏ ላይ ጨርቅ ታጥፋለች። እናቴ ሳትቀመጥ "አንድ ነገር ዋሽቼሻለሁ" አለቻት።

"የቱን?" አለች ጎረቤታችን።

"የዚያን ነገር ቁልፍ አላውቅም ያልኩሽን። ሳጥኔ ውስጥ ነበር።"

"እሱንማ አውቃለሁ። ልጅሽ ሌላ የት ታስቀምጠዋለች?"

"ካወቅሽ ለምን ዝም አልሽኝ?"

"ምን ልበልሽ? ውሸታም ልበልሽ በዚህ ዕድሜሽ? ወላሂ እኔ የተቀየምኩሽ በቁልፉ አይደለም። ሁለት ሳምንት ሙሉ ደጄን ስላልረገጥሽው ነው።"

"አፍሬ ነው።"

"አፍራ ነው ትላለች። እኔ ጉልበቷ ነው ብዬ ቅባት ገዝቼ አስቀምጬላታለሁ።" ገብታ ቅባቱን አምጥታ እናቴ እጅ ላይ አደረገችና ወደ እኔ ዞረች። "አንቺ ደግሞ ቤትሽን እንደ ባንክ ቆለፍሽው አሉ። ምን ይሰርቁሽ ብለሽ ነው? ማመልከቻ?"

አጠገቧ ያለውን ጨርቅ አንስቼ ማጠፍ ጀመርኩ።

ሐሙስ ጠዋት እናቴ አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ ወጣች። ቤተ ክርስቲያኑ ሩቅ አይደለም፤ አንድ ሰዓት ተኩል ላይ ትመለሳለች ብዬ ነበር። ሁለት ሰዓት ሆነ። በር ላይ ቆምኩ፣ ገባሁ፣ ወጣሁ። ልጄ ፀጉሯን ሦስተኛ ጊዜ እየሠራች ነው። ሁለት ሰዓት ከሩብ ላይ እናቴ በመንገዱ ጥግ ብቅ አለች፤ ከአንዲት ሴት ጋር ቆማ ሰላምታ ትለዋወጣለች። የሴትዮዋን ጤና፣ የልጆቿን፣ የከብቶቿን። ከብቶቹ ስንት እንደሆኑ ባላውቅም በአንድ በአንድ የጠየቀቻቸው መሰለኝ።

ወረቀቱ እኔ እንዳጠፍኩት ነው፤ ቄሱ ከፍተውም አላዩት። ኮምፒውተሬ ላይ ቁጭ ብዬ አሥራ ስምንቱን ምልክት ጻፍኩ፤ ተጣድፌ ሳትኩ። ሁለት ሙከራ ቀርቶሻል አለኝ። ልጄ "ተነሽ እማ" ብላ ራሷ ጻፈችው። ተከፈተ። መዝገቡ ወጣ። የላፕቶፑን ቁጥር ልጽፍ ስል እናቴ ከኋላዬ "መጀመሪያ የእሷን" አለች።

"እማ፣ አርባ ደቂቃ ነው የቀረን።"

"አርባ ደቂቃ ብዙ ነው። ቃል ገብተሽልኛል። የልጅሽን ከጻፍሽ በኋላ እንደምትረሺው አውቅሻለሁ።"

አወቀችኝ፤ ምን ይደረግ። ጎረቤታችን ተጠራች። ስልኳ ጠፍቷል፣ ቻርጅ እንዳይጨርስ ብላ አጥፍታዋለች። ሲነሳ ጊዜ ይወስዳል፣ ሙዚቃም አለው። በመጨረሻ ሲነሳ ጽሑፉ ሁሉ ዓረብኛ ነው፤ ልጇ ከዚያ እንደላከችው ነው ያለው። እሷም አታነበው፣ እኛም አናነበው። "ኋላ ይሁንልኝ፣ ልጅቱ ትፈተን" ትላለች እሷ፤ "አይሆንም" ትላለች እናቴ። ልጄ የእኔን ስልክ ጎን ለጎን ይዛ፣ በሥዕሎቹ መልክ እየመራች፣ ያንን ለየስልኩ የሚሰጠውን አሥራ ሁለት ምልክት አገኘችው። ጻፍነው። ሁለት ሰዓት ከአርባ ስምንት። ከዚያ ላፕቶፑን። ሁለት ሰዓት ከሃምሳ ሦስት። የፈተናው ገጽ ሲከፈት አራት ደቂቃ ቀርቶት ነበር። ሁላችንንም ከክፍሉ አስወጣችንና በሩን ዘጋችው።

አራት ሰዓት አልፎ ከውስጥ "እማ፣ ቆመ" የሚል ድምፅ ሰማሁ። ያው ጎረቤታችን ሕፃኑን በቪዲዮ ልታይ ስልኳን ከፍታለች ብዬ እየተቃጠልኩ ወደ ቤቷ ሮጥኩ። ሴትዮዋ ደጃፏ ላይ ናት፣ ስልኳ ጉልበቷ ላይ ጠፍቶ ተቀምጧል። "እስክትጨርስ አልከፍተውም ብዬ ነው" አለችኝ። አፍሬ ተመለስኩ። መስመሩን የሚበላው ማን ሆነና፤ የራሴ የቤት ኮምፒውተር። ጠዋት ለመዝገቡ ከፍቼው ትቼው፣ ማንም ሳያዘው ራሱን እያደሰ ነው። ገመዱን ከግድግዳው ነቀልኩት። ከውስጥ የኪቦርድ መነካካት ድምፅ እንደገና ተሰማ።

አምስት ሰዓት ሊሆን ጥቂት ሲቀረው በሩ ተከፈተ። ልጄ ፊቷ አመድ መስሏል።

"ፈተናው ተላከ?" አልኳት።

"ሄደ። ሁለት ጥያቄ ሳልደርስበት ቀርቷል።"

"በእኔ ነው?"

"በሁላችሁም ነው" አለች፤ ከዚያ የሚበላ ነገር ጠየቀች።

ውጤቱ አንድ ወር ሙሉ ቆየ። አንድ ቅዳሜ ገበያ መሀል ቆሜ ባቄላ ሳስመርጥ ስልኬ ጮኸ። ልጄ ናት፤ ገበያው ስለሚጮህ የምትለው አይሰማኝም። "ድገሚው" እላታለሁ። ትደግመዋለች። "ጮክ ብለሽ ድገሚው።" ሦስተኛው ላይ "ገባሁ፣ እማ፣ ገባሁ" ስትል ሰማሁ። ያገኘሁት ነገር ላይ ዘፍ ብዬ ተቀመጥኩ፤ ስልኩን ጆሮዬ ላይ እንደያዝኩ አልነሳ አልኩ።

"እትዬ" አለ ባቄላ ሻጩ፣ ታግሶ ታግሶ፤ "ደስ የሚል ነገር መሆኑ ገብቶኛል። ግን የተቀመጡት የሰው ጆንያ ላይ ነው።"